ሁለት ድምፅ፣ አንድ ማሲንቆ፤ ያገኘናቸውን እንዴት እናስተዋውቅ?

የሙዚቃ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሰፊው መድረክ፣ ኪቦርዱና ትልቁ ድምፅ ማጉያ ነው። ዛሬ የማነሳው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረውንና አሁንም በየምሽት ቤቱ በአዳዲስ ወጣቶች የሚታደሰውን አጨዋወት ነው። አንዱ ማሲንቆ ይመታል፣ አንዷ አጠገቡ ቆማ እያጨበጨበች ወይም ከበሮ እየመታች ትቀበለዋለች። ሁለት ሰው፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ ሌላ ምንም። አንባቢ እንዲህ ያሉ ጀማሪ ጥንዶችን ፈልጎ እንዲያደምጥና ለወዳጁ እንዲጠቁም እመክራለሁ። ምክሬ ግን አንድ ጥያቄ አስከትሏል፤ ስናስተዋውቃቸው እንጀራ እየሰጠናቸው ነው ወይስ እየወሰድንባቸው?

ጥሩዎቹን ከተራዎቹ መለየት አያስቸግርም። በመጀመሪያ፣ ድምፅ ማጉያው ሲጠፋ ይደመጣሉ ወይ? ማሲንቆ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥኑ ለአንድ ክፍል ሰው የሚበቃ መሣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገሩ ቅኝቱ ሳይናጋ ይዘልቃሉ ወይ? ሦስተኛውና ዋነኛው ግጥሙ ነው። በቃል የተጠና ሙገሳ የትም ይገኛል። የገባውን እንግዳ አይቶ፣ የሰሞኑን ኑሮ ታዝቦ፣ ሰምና ወርቁን እዚያው አበጅቶ የሚያወጣ፣ እሷም ሰምታ ሳትውል ሳታድር መልስ የምትሰጥበት ጥንድ ካገኙ፣ ውድ አንባቢ፣ ቁጭ ብለው ይስሙ።

እነዚህ ልጆች የሚታዩበት ደጅ ግን እየጠበበ መጥቷል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአዲስ አበባ የማታ ሕይወት ሲነቃቃ የአዝማሪ ቤቶችም በካዛንቺስና በሌሎች ሰፈሮች ተስፋፍተው ነበር። ፓሪስ ውስጥ በታተመው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ ሁለተኛው ቅጽ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለነበሩ የከተማ አዝማሪዎች ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ እኛ ዋጋውን ሳናውቅ ሌሎች አወቁት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነባሩ የካዛንቺስ መንደር ሲፈርስ ስመ ጥሩው ፈንድቃም ከቦታው ተነሳ። ቤቱ ሲጠፋ የጀማሪው ደጅ የአድማጩ ስልክ ሆነ። አንድ ሰው ቀርፆ በቲክቶክ ወይም በዩቲዩብ ይለቀዋል፣ ብዙ ሰው ያየዋል፣ የጥንዶቹ ስም ግን ብዙ ጊዜ የትም የለም።

ሕጉ ምን ይላል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 6 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ፣ በቅጂ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ እንደሆነ ይደነግጋል። ማታ ተፈጥሮ ማታውኑ የሚጠፋው የአዝማሪ ግጥም ይህን መስፈርት አያሟላም። ግጥሙን ሕግ የሚያውቀው አንድ ሰው ሲቀርፀው ነው፤ ቀራጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለግጥሙ አይደለም። በሌላ በኩል አዋጁ ለከዋኞች በሰጠው ተዛማጅ መብት መሠረት ያልተቀረፀን ክዋኔ መቅረፅና ማባዛት የከዋኙን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ይዘልቃል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካይነት ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ ማለት ነው። ስሙ ያልተጻፈ ጥንድ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል?

«ተቀበል» የሚለው ልማድ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። እንግዳው ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። የስንኙ አመንጪ እንግዳው፣ ከዋኙ አዝማሪው፣ ዜማው ደግሞ ከትውልድ የመጣ የጋራ ሀብት ነው። ታዲያ ከሳሹ ማን፣ ተከሳሹ ማን ሊሆን ነው? በእኔ እምነት ይህን ቋጠሮ ፍርድ ቤት ብቻውን አይፈታውም፤ የአድማጭ ጨዋነት ይፈታዋል። ጨዋነቱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሸለመ ሰው ብሩን ግንባር ላይ ለጥፎ፣ ሁሉ እያየው ነው የሚቀመጠው። ይኸው ልማድ ወደ ስልኩ መሻገር አለበት።

እንዴት? ከመቅረፅዎ በፊት ይጠይቁ። ለራስዎ ማስታወሻ መያዝና ለሕዝብ መልቀቅ አንድ አለመሆናቸውንም ይንገሯቸው። ከለቀቁ የሁለቱንም ስም ይጻፉ፤ ማሲንቆ ያዡ በስሙ ሲጠራ እሷ «አጃቢ» ተብላ የምትቀርበት ነገር ይብቃ። የሚጫወቱበትን ቤትና ቀን ይግለጹ። እነሱ ከፈቀዱ የቴሌብር ቁጥራቸውን ይጨምሩበት፤ የዛሬው ግንባር እሱ ነው። የቤት ባለቤቶችም በር ላይ ከሚለጥፉት የምግብ ዝርዝር ጎን የማታውን ጥንድ ስም ቢጽፉ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

ለጥንዶቹም አንድ ቃል አለኝ። ገቢውን እንዴት እንደምትካፈሉ፣ ብትለያዩ ግጥሙ የማን እንደሚሆን ዛሬ፣ በፍቅር ሳላችሁ፣ በጽሑፍ አስቀምጡ። አሳታሚ መጥቶ ፈርሙ ቢላችሁ ምን እንደምታስተላልፉ አንብባችሁ ፈርሙ። ግጥም በቃል ያምራል፣ ውል ግን በወረቀት ነው።

ቸር እንሰንብት።