የሥዕል ካርዱ ከልጁ ጋር ይዙር

በቃል የማይናገር፣ ኦቲዝም ያለው ተማሪ በልዩ ፍላጎት ክፍል ውሃ ሲጠማው የኩባያ ሥዕል ያለበትን ካርድ አንሥቶ ለመምህሩ ይሰጣል። ደወል ተደውሎ ወደ መደበኛው ክፍል ሲሄድ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እዚያ ያለው መምህር የሚያየው የሚጮህና ከመቀመጫው የሚነሣ ልጅ ነው፤ «ረባሽ» ይለዋል። ልጁ ግን አሁንም የሚጠይቀው ያንኑ ውሃ ነው። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱ ወዲህ በማዕከላት ብዙ ልምድ ተከማችቷል። ማዕከላቱ ግን ጥቂት ናቸው። ልምዱ መደበኛው መምህር ዘንድ ካልደረሰ፣ ልጁ በአንድ ክፍል ተናጋሪ፣ በሌላው ዲዳ ሆኖ ይውላል።

«ሥዕል ካስለመድነው መናገሩን ይተወዋል» የሚለው ስጋት ከወላጅም ከመምህርም ይሰማል፤ ስጋቱም የፍቅር ነው። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል። ተመራማሪዎቹ ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር እንደ ሥዕል ባሉ አማራጭ መግባቢያዎች ላይ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ፣ የእድገት እክል ካላቸውና የተሻለ ማስረጃ ከተገኘላቸው 27 ሰዎች መካከል በ89 በመቶው ንግግር ጨምሯል፤ የቀነሰበት አንድም የለም። ጭማሪው በአብዛኛው መጠነኛ ነበር፤ ተአምር አንጠብቅ። «በስልሳ ተማሪ መካከል ለአንዱ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ሆኖም የሚጠየቀው ሌላ ትምህርት ማዘጋጀት አይደለም፤ ካርዱን ማወቅና ልጁ እስኪመልስ አሥር ሰከንድ መታገሥ ነው። ያልተረዳነው ጩኸት የሚበላው ክፍለ ጊዜ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ርዕሰ መምህራን፣ በዚህ ሳምንት ከተከታታይ ሙያ ማሻሻያው ሰዓት ግማሹን ለዚህ ስጡ። የልዩ ፍላጎት መምህሩ፣ የክፍል ኃላፊው፣ የስፖርት መምህሩና ወላጅ አብረው ይቀመጡ። ልጁ «አዎ»ን፣ «አልፈልግም»ን፣ «አመመኝ»ን በምን እንደሚገልጽ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ይህን ከእናት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ካርዶቹንም ከኢንተርኔት አትገልብጡ፦ የፈረንጅ መጸዳጃ ሥዕል የግቢያችንን ሽንት ቤት ለሚያውቅ ልጅ ምንም አይነግረውም። የራሱን ኩባያ፣ የራሱን ምሳ ዕቃ፣ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት በስልክ አንሡና አሳትሙ፤ በክር አያይዛችሁም ቦርሳው ላይ እሰሩለት። የገጹ ቅጂ ለጥበቃው ጭምር ይድረስ፤ ልጁ በር ላይ ሲደርስ የሚያገኘው እሱን ነው። በሰኔ መጨረሻም የክፍል ኃላፊው ያንን ገጽ አድሶ ለቀጣዩ ዓመት መምህር በእጁ ያስረክብ።