አድራሻ ሲሳሳት የመላኪያውን ሂሳብ ማን ይክፈል?

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ቴሌግራም ላይ ቻናል አለው እንበል። እብናት የምትኖር መምህርት ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ መረጠች። ቀሚሱ 4,000 ብር፣ መላኪያው 300 ብር። 4,300 ብሩን በቴሌብር ከፍላ ስክሪንሾቱን ላከች። «የት ነው የሚላከው?» ሲላት «ጎንደር» ብላ መለሰች። በእሷ ቤት ደቡብ ጎንደር ማለቷ ነው።

ነጋዴው ቀሚሱን ጎንደር በሚሄድ አውቶቡስ ጫነ። የታርጋውን ፎቶና የረዳቱን ስልክ ላከላት። አውቶቡሱ ባሕር ዳርን አለፈ፣ ወረታን አለፈ፣ ወደ እብናት የሚያስገባውን መንገድ አዲስ ዘመን ላይ ትቶት ሄደ። ቀሚሱ ጎንደር መናኸሪያ ገባ፤ ባለቤቷ እብናት ናት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጭቅጭቅ በኦንላይን የሸጠም የገዛም ያውቀዋል። እሷ «ገንዘቤን መልስልኝ» ትላለች። እሱ «ያሳሳትሽኝ አንቺ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ቀጥሎ ብሎክ ነው። እሷ «ሌባ ነው» ብላ ግሩፕ ላይ ትለጥፈዋለች፤ እሱ ደግሞ ለክፍለ ሀገር ደንበኛ መላክ ያቆማል። አንድ ቀሚስ ሁለቱንም አከሰረ።

መጀመሪያ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ይዞ የሚፈለግ አይደለም። ፖስታ በምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ቢጀመርም አድራሻ ሆኖ የኖረው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ ቀሚስ ለምታዝ መምህርት ደግሞ ሳጥኑ የላትም። ስለዚህ አድራሻው «ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ»፣ «ከመናኸሪያው ጀርባ» እና ስልክ ቁጥር ነው። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ዕቃው ባለቤት አጣ ማለት ነው።

የቦታ ስሙም ያሳስታል። አዲስ ዘመን ለአዲስ አበባ ሰው ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ጋዜጣ ነው፤ ለእብናት ሰው ግን መኪና የሚቀይርበት ከተማ ነው። መካነ ኢየሱስ አዲስ አበባ ላይ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ደቡብ ጎንደር ላይ የእስቴ ከተማ ነው። ካርቶን ላይ በችኮላ የተጻፈ «ደ/» ደግሞ ደብረ ታቦርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ደብረ ብርሃንም ሊሆን ይችላል። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አየርላንድ ገጠር ውስጥ ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት አድራሻ ይጋሩ ነበር፤ ለየቤቱ የተለየ ኮድ የተሰጠው በአውሮፓውያኑ 2015 ነው።

እንዲህ ባለበት አገር አድራሻ የተሳሳተ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ብሎ ገንዘብ መያዝ ፍትሕ አይሆንም። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ኪሳራውን ሁሉ ነጋዴው ላይ መጣልም እንዲሁ። ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች የመመለሻውን ወጪ ሊሸከሙ ይችላሉ፤ አንድ ቀሚስ ሸጦ ጥቂት መቶ ብር የሚያተርፍ ሰው አይችልም። ተገድዶ ከተሸከመም በሚቀጥለው ደንበኛ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ያኔ አድራሻዋን በትክክል የጻፈችው ሴት ላልተጠነቀቀችው ትከፍላለች።

ሚዛኑ ያለው መሃል ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ውል የሚያፈርስ ሰው በዚያ ምክንያት ሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት እንዲክስ ያዛል፤ ሌላው ወገን ስህተቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ግን ካሳው ይቀራል። የአድራሻ ስህተት ሁሉ ውል አያፈርስም፤ ሐሳቡ ግን ለዚህ ጉዳይ ልክ ነው። የተሳሳተ ይክፈል። ሳይጠይቅ የላከም ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

ይህ ወደ ብር ሲመነዘር እንዲህ ነው።

ዕቃው ገና ካልተጫነ ገዢው አድራሻውን ቢቀይር ምንም አይከፍልም። ያልወጣ ወጪ አይጠየቅም።

ዕቃው ተጭኖ ከሆነ ሻጩ ወዲያው ለረዳቱ ይደውላል። አዲስ ዘመን ላይ አውርዶ በእብናት መኪና ማስጫን ከተቻለ ገዢዋ የምትጨምረው የዚያን አጭር መንገድ ሂሳብ ብቻ ነው።

ዕቃው የተሳሳተ ከተማ ገብቶ ከሆነ ገዢዋ ሁለት ምርጫ አላት። ከጎንደር ወደ እብናት የሚያስመጣውን ጨምራ ቀሚሷን መውሰድ ትችላለች። ካልፈለገች ቀሚሱ ሽሮ ሜዳ ይመለስና ለመሄጃ የከፈለችው 300 እና የመመለሻው 300 ተቀንሶ 3,700 ብር ይመለስላታል። ቀሚሱንም 4,300 ብሩንም ይዞ የሚቀር ነጋዴ የመላኪያ ወጪውን እያስመለሰ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ እየወሰደ ነው። በልኳ ተለክቶ የተሰፋ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ለሌላ ሰው የማይሆን ልብስ መልስልኝ ማለት ይከብዳልና እዚያ ላይ የሚሻለው ጨምሮ ማስመጣት ነው።

እነዚህ ሂሳቦች የሚሠሩት ግን ሻጩ የራሱን ድርሻ ከተወጣ ነው። ድርሻው አንድ መልእክት ነው፦ «ደቡብ ጎንደር ዞን፣ እብናት ወረዳ፣ እብናት ከተማ፤ አዲስ ዘመን ወርዶ መኪና ይቀይራል፤ ስልክ ይህ፣ ተጨማሪ ስልክ ይህ። ትክክል ነው?» ገዢዋ «አዎ» ካለች በኋላ የመጣ ስህተት የእሷ ነው። ሳይጠይቅ ከላከ የባከነውን መላኪያ እኩል ይካፈሉ፤ በእኛዋ መምህርት ጉዳይ ከ600 ብሩ 300 ብቻ ተቀንሶ 4,000 ብር ይመለስላት ማለት ነው። እሷ በትክክል የጻፈችውን እሱ አሳስቶ ከጻፈ ደግሞ ሙሉውን እሱ ይክፈል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሁለት ደቂቃ መጠየቅ የሁለት ሳምንት ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ያቺ «አዎ» ተራ ቻት አይደለችም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሻጩም ገዢዋም መልእክቱን ማጥፋት የለባቸውም። የመኪናው ደረሰኝም ፎቶ ተነስቶ ይላክ። «መላኪያ 300 ነው» ብሎ መናገርና 300 የሚል ወረቀት ማሳየት አንድ አይደለም።

የማንም ያልሆነ ጥፋትም አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በግጭቱ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀንም ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገዢዋ የጻፈችውን ማረም ብትፈልግ ቴሌግራም አይከፍትላት ይሆናል። መልስ አልሰጠችም ተብሎ እንደፈቀደች ሊቆጠርባት አይገባም። ሻጩ በመደበኛ ስልክ ጥሪ ያረጋግጥ። መንገድ ተዘግቶ የዘገየ ዕቃ እንደ አድራሻ ስህተት አይታይም፤ ዕቃው ካልተጫነ መላኪያው ሙሉ በሙሉ ይመለስ።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ገዢዎች ሐሳባቸውን ሲቀይሩ አድራሻ ተሳሳትን ይላሉ» ይላሉ። እውነት ነው፣ አለ። ግን የመሄጃና የመመለሻው ሂሳብ ከእሷ የሚቀነስ ከሆነ በውሸት ማን ያተርፋል? ሕጉ ግልጽ ሲሆን ተንኮሉ ራሱ ዋጋ ያጣል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሱቅ ግድግዳ ጽሑፍ ነው። እዚያ ገዢው ዕቃውን አገላብጦ፣ ለክቶ፣ ተከራክሮ በእጁ ይዞት ወጥቷል። የእብናቷ መምህርት ግን ፎቶ አይታ፣ የማታውቀውን ሰው አምና፣ ዕቃው ሳይደርሳት ገንዘቧን አስቀድማ ልካለች። ለዚያ እምነት የሚመጥነው ጽሑፍ ሌላ ነው። ቻናሉ ላይ ከዋጋ ዝርዝሩ በላይ ፒን ይደረግ፦ አድራሻ ቢሳሳት ማን ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ። ገንዘብ ከመላኩ በፊት እንጂ ቀሚሱ ጎንደር ከገባ በኋላ የሚነገር ደንብ ለገዢዋ ደንብ አይደለም፤ ሰበብ ነው።