ካራቫኑ ከመነሳቱ በፊት

«ካራቫን» የሚለውን ቃል ስታነቡ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከ1991 በኋላ ብዙ ቤተሰቦቻችን የኖሩበት፣ በበጋ እንደ ምጣድ የሚግለው፣ ዝናብ ሲወርድበት ሰውን ከሰው የማያደማምጠው ያ ተገጣጣሚ ቤት ነው። ስለዚህ የበኩር ልጄ ከሜልቦርን ደውሎ «አባ፣ ካራቫን ገዛን» ሲለኝ ደንግጬ «ምነው ልጄ፣ ቤት አጣችሁ እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ።

ለካ እሱ የገዛው ከመኪና ኋላ የሚጎተት፣ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ለኮረኮንች መንገድ ተብሎ የተሠራ ቤት ኖሯል። በጁላይ ወር ከሚስቱና ከአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጋር ኡድናዳታ በሚባለው የበረሃ መንገድ ሊሄዱበት ነው። (ወሩንም ዓመቱንም ዛሬ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከእናንተም ልጁ ውትድርናውን ጨርሶ ወደ ሩቅ አገር የሄደበት ብዙ ነው። ሲነግሩን «እግዜር ይከተልህ» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ምርቃቱ አይቅር፤ መጠየቅም ግን የወላጅ ሥራ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝና ደብተር አወጣሁ። ሁለት ወር ያህል እየጠየቅኩ የሰበሰብኩትን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

መንገዱ ያለው በደቡብ አውስትራሊያ ነው። ማሪ ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነስቶ ማርላ እስኪደርስ 620 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት የሚባል የለውም። የድሮው ባቡር፣ ከባቡሩም በፊት በ1872 የተዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር፣ በዚሁ በኩል ነው ያለፉት። ምክንያቱ ውኃ ነው፤ ከመሬት በታች ካለው ታላቅ የውኃ ክምችት የሚፈልቁ ምንጮች በዚያ መስመር ላይ ተደርድረዋል። የአገሩ ባለቤቶች፣ የአረባና ሕዝብ፣ እነዚያን ምንጮች ፈረንጅ ሳይመጣ ያውቋቸዋል። ከማሪ እስከ ዊልያም ክሪክ 200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ እስከ ኡድናዳታ ሌላ 200፣ ከዚያ እስከ ማርላ 210። በመካከል ነዳጅ የሚሸጥባቸው እነዚሁ ሁለት ቦታዎች ናቸው። ዊልያም ክሪክ ስሙ ከተማ ነው እንጂ ነዋሪው በጣት የሚቆጠር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «መቼ?» የሚል ነበር። በኡድናዳታ በጃንዋሪ 1960 ሙቀቱ 50.7 ዲግሪ ደርሶ ተለክቷል። እዚያ ወቅቱ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጁላይ ክረምታቸው ነው፤ ቀኑ ደህና፣ ሌሊቱ ብርድ። በዲሴምበር ነው ቢለኝ ኖሮ ደብተሩንም አላወጣም ነበር።

ሁለተኛው ክብደት ነው፤ እዚህ ላይ ታገሱኝ። ልጄ «ጂፑ 3500 ኪሎ መጎተት ይችላል፣ ካራቫኑ ሙሉ ሲጫን 2800 ነው፣ ገና 700 ይተርፈናል» አለኝ። ሂሳብ አስተምሬው ሳለ እንዲህ ይላል! ጂፑ ራሱ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የራሱ ወሰን አለው። ጂፑና ካራቫኑ ተደምረው ሊያልፉት የማይችሉት ሌላ ወሰን ደግሞ አለ። በዚያ ላይ ካራቫኑ የሚጎተት ብቻ አይደለም፤ መያያዣው ጂፑ ላይ ይጫነዋል። ይህ ጫና አብዛኛውን ጊዜ ከካራቫኑ ክብደት አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። 280 ኪሎ ማለት አራት ጎልማሳ ሰው ከጂፑ ኋላ ቆሞ እንደማለት ነው፤ ይህም ከጂፑ ጭነት ይቆጠራል። ውኃውን፣ ነዳጁን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሰውን ጨምሩበት።

«የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ውሰዱት፤ ለጉዞ እንደምትነሱ አድርጋችሁ፣ ሁሉን ሞልታችሁ» አልኩት። ወሰዱት። ካራቫኑ ደህና ሆነ፤ ጂፑ ግን ከተፈቀደለት 130 ኪሎ በልጦ ተገኘ። ዕቃውን ወደ ካራቫኑ እናዛውር ሲሉ ሌላ ጣጣ መጣ። ከፊት በኩል ካበዙት ጂፑን ይበልጥ ይጫነዋል፤ ከኋላ ካበዙት ደግሞ ካራቫኑ ሲሮጥ እንደ ላም ጅራት ይወዛወዝና ጂፑን ጭምር ይገለብጠዋል። ከባዱ ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በመጨረሻ ብስክሌቱ ቀረ፣ የብረት መጥበሻው ቀረ፣ ምራቴ እያዘነች የኤሌክትሪክ ምጣዷን አስቀረች። እንጀራው ተጋግሮ፣ ደርቆ፣ ድርቆሽ ሆኖ ይሄዳል። እሱስ እኛ የምናውቀው ስንቅ ነው።

«ለኮረኮንች የተሠራ» የሚለው ጽሑፍም አያታልላችሁ። ሻጩ በጎኑ ላይ ስለለጠፈው የትም ይገባል ማለት አይደለም። ወገቡ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ብረቱ የወፈረ፣ መያያዣው ጂፑና ካራቫኑ በተለያየ ጎን ሲያዘነብሉ የሚዞር መሆን አለበት። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸበሸበ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ብሎን ይፈታል፣ የቁም ሳጥን በር ይከፈታል፣ አቧራ ሊጥ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የጎማውን ንፋስ መቀነስ ይረዳል፤ ልጄ በአስፋልት ላይ 40 የነበረውን ወደ 28 ዝቅ ሊያደርገው ነው። ግን ንፋስ የቀነሰ ፍጥነትም ይቀንስ፣ አስፋልት ላይ ሲወጣ መልሶ የሚሞላበት ፓምፕም ይያዝ። የጂፑ ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠር የካራቫኑን ፊት መትቶ ተመልሶ የጂፑን የኋላ መስታወት ይሰብራል ሲሉ አላመንኩም ነበር። እውነት ነው፤ ስለዚህ በመካከል መከላከያ ይንጠለጠላል።

ነዳጁን አብረን አሰላን። ካራቫን ሳይጎትት ለ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር የሚበላው ጂፕ፣ እየጎተተ ወደ 20 ይጠጋል። የሚቀጥለው ማደያ እስኪደርሱ 40 ሊትር ይበቃል። ግን ማደያው ነዳጅ ጨርሶ ቢያገኙትስ? አንዱን ማደያ ዘለው ሁለተኛው እስኪደርሱ ነው መታሰብ ያለበት፤ 80 ሊትር ይሆናል። የጂፑ ታንክ በትክክል 80 ነው። ስለዚህ ሁለት ጀሪካን።

ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር ብለን ያዝን፤ ሦስት ሰው፣ ስድስት ቀን፣ 180 ሊትር። ካራቫኑ ሥር 80 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንኮች አሉ፤ የቀረው 20 በጀሪካን ጂፑ ውስጥ ነው። ሁሉም በአንድ ዕቃ አይሁን፤ አንድ ድንጋይ ታንኩን ቢበሳው ያው ሁሉም ፈሰሰ። ካራቫኑን አቁመው በጂፑ ብቻ ወደ ሐይቁ ቢሄዱም ውኃው አብሯቸው ይሄዳል።

ዝናብ ከጣለ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ መንግሥት ይዘጋዋል፤ በተዘጋ መንገድ የነዳ ይቀጣል። ያለበት ቦታ ሆኖ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። የስድስቱ ቀን ስንቅ ለዚህም ነው። በሌሊት አይነዱም፤ ከብቱ ያለ አጥር የሚውልበት፣ ካንጋሮ የሚዘልበት አገር ነው። 50 ሜትር የሚያልፍ ርዝመት ያለው የጭነት መኪናም ያጋጥማል፤ እሱ ሲመጣ ዳር ይዞ ማሳለፍ ነው።

አሁን በጣም ወዳስጨነቀኝ ነገር ልምጣ። አንድ ምሽት ልጄን «መኪናው እንቢ ካለ ቀን ጥላ ያዙ፣ ሌሊት ተራመዱ» አልኩት። ሌላ ምን ላውቅ እችላለሁ? በ1984 ከጎንደር ወደ ሱዳን ስንወርድ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀን ተደብቀን ሌሊት ሄድን። አባቴ ቄስ ነበር፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ትከሻው ላይ አስሮ ውኃውን በቆርኪ ይሰፍርልን ነበር። የቆመ ቀረ። አባቴ በመንገድ የቀሩትን ሰዎች እስኪሞት ድረስ በጸሎቱ በስም ያነሳቸው ነበር።

ልጄ ትንሽ ዝም አለና «አባ፣ እዚህ ተቃራኒው ነው» አለኝ። በ1963 አንድ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከዚያችው ከማሪ በሚነሳ ሌላ መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆበት፣ መኪናውን ትቶ ወጥቶ፣ አንድም አልተረፈም። በ1998 በዲሴምበር ሁለት ጎብኚዎች ከዊልያም ክሪክ ራቅ ብሎ በሐይቁ ዳር መኪናቸው አሸዋ ያዘው። አንዷ እርዳታ ፍለጋ በእግር ወጣችና መንገድ ላይ ሞተች። ከመኪናው ዘንድ የቀረው ተረፈ፤ እዚያ ውኃ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚፈልጓችሁ በአውሮፕላን ነው፤ ከላይ መኪና ይታያል፣ ሰው አይታይም። ጥላው መኪናው ነው፣ ውኃው ካራቫኑ ነው። እኛን የሚፈልገን አልነበረም፤ የሚፈልገንም ቢኖር እንዳያገኘን ነበር የምንሸሸው። ያም ሆኖ ሁለት ቀን ከልቤ አልወጣ አለ። አባቴ ያዳነን በዚያ ዕውቀት ነው፤ ያንኑ ዕውቀት ለልጄ ብሰጠው ይገድለው ኖሯል። በደብተሬ ላይ «ሌሊት ተራመዱ» የሚለውን ሰረዝኩና «ከመኪናው አትለዩ» ብዬ ጻፍኩ።

በኪስ የምትያዝ ትንሽ የአደጋ ጊዜ መሣሪያ ገዝተዋል። ሲጫኗት ምልክቷ በሳተላይት ተሻግሮ ካንቤራ ላለው የፍለጋና ነፍስ አድን ማዕከል ይደርሳል። ሐኪም ቢያስፈልግ ደግሞ ከ1928 ጀምሮ ወደ በረሃው የሚበርር የሐኪሞች አውሮፕላን አላቸው። ሞባይል አብዛኛው መንገድ ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ማታ ማታ በሳተላይት አጭር መልእክት ይልካሉ። የእነርሱ ማታ አንድ ሰዓት የእኛ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካራቫኑን አቁመው ሰንበትን እዚያው ይውላሉ።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልንገራችሁ፦ የእነርሱ የአደጋ ጊዜ ስልክ 000 ነው፤ እኛ ግን ከዚህ ሆነን ብንደውለው አያገናኘንም። የአካባቢውን ፖሊስ ሙሉ ቁጥር፣ ከፊቱ 61 ያለበትን፣ ልጃችሁ ሳይነሳ ጽፎ ይስጣችሁ። የጂፑን ሰሌዳ፣ የካራቫኑን ቀለም፣ በየቀኑ የሚያድሩበትን ቦታም ጨምሩ። ከልጄ ጋር የተስማማነው መልእክት ከቀረ እስከ ማግስቱ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ጠብቄ እንድደውል ነው። ባለቤቴ ያን ያህል አትጠብቅም፤ አውቃታለሁ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ ትናንት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ እንዳነብላት አደረገችኝ፤ አንዱ 7 አንድ መስሏት ስለነበር በቀይ እስክሪብቶ አድምቄ ጻፍኩት።