አሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ ላለው ሰው ስለ በረዶ ጎማ የቀረበ ምክር

በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች የሚኖረው ወገናችን፣ ከሥራው ጠባይና ከሃይማኖቱ ሥርዓት የተነሣ፣ ብርዱ እጅግ በበረታበት ሰዓት በመንገድ ላይ የሚገኝ ሕዝብ ነው። አንዱ መንገደኛ ለማድረስ ሌሊት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይገሠግሣል፤ ሌላው ከሆስፒታል ተራው ጎሕ ሲቀድ ይመለሳል፤ ኅዳር ጽዮንን፣ ልደትንና ጥምቀትን ለማክበር ማሕሌት የሚቆመው፣ ለቅዳሴም የሚደርሰው ምእመን ሕፃናቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ መኪናው የሚያስገባው፣ ቀን ፀሐይ ያቀለጠችው በረዶ ሌሊት እንደገና ረግቶ፣ አስፋልቱን ዐይን በማያየው ስስ ግግር በሸፈነበት ሰዓት ነው።

በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው የሚታመነው፣ መኪናው አሮጌ ቢሆንም በአራቱም ጎማ የሚጎተት መሆኑን ነው። ይህ እምነት በከፊል እውነት አለበት። የሞተሩ ኀይል ለአራቱም ጎማ ሲከፋፈል፣ ዳገት ለመውጣትና ከበረዶ ክምር ለመላቀቅ የሚሰጠው ረድኤት ታላቅ ነው፤ ነገር ግን የማንኛውም መኪና ፍሬን፣ የትንሿም ሆነ የትልቁ፣ የሚይዘው አራቱንም ጎማ ስለሆነ፣ መቆም በሚያስፈልግበት ጊዜ ፎር ዊል ድራይቭ ለባለቤቱ አንዳች የተለየ ብልጫ አይሰጠውም፤ እንዲያውም በቀላሉ ተነሥቶ ስለሚፈጥን መንገዱ ምን ያህል እንደሚያዳልጥ ሳያስታውቀው ይቀራል፤ ክብደቱም ለማቆም የሚያስቸግር ሸክም ይሆናል። በዚያ ላይ፣ መኪና ሲንሸራተት በየጎማው ለብቻ ፍሬን እየያዘ አቅጣጫውን የሚያቀናው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በአሜሪካ በሕግ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነውና፣ ከዚያ ቀደም ብለው ከተሠሩት ብዙዎቹ ይህ ረዳት የላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የኮሎራዶ ሕግ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና የሚያልፍ መኪና ሁሉ ለበረዶ የተሰናዳ እንዲሆን ያዛል፤ ፎር ዊል ድራይቭ የሆነውን ግን፣ የጎማው ጥርስ ጥልቀት 3/16 ኢንች፣ ማለት 5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የጎማውን ዐይነት ሳይመረምር ያሳልፈዋል። ይህ ቸርነት ባለመኪናውን ያዘናጋዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የጥርሱ ጥልቀት ብቻ የጎማውን ባሕርይ አይገልጽም።

የጎማ ባሕርይ ምንድር ነው ቢባል፣ የበጋው ጎማ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየወረደ ሲሄድ፣ ሰም በብርድ እንደሚደርቅ እየደረቀ፣ መሬቱን የመጨበጥ ኀይሉን ያጣል። የበረዶ ጎማ ግን በብርድ ልስላሴውን እንዳይለቅ በብዙ ሲሊካ ተቀምሞ የተሠራ ሲሆን፣ በጥርሶቹ ላይ እጅግ የቀጠኑ ብዙ ስንጥቆች ተቀርጸውበታል። በረዶ ይበልጥ የሚያዳልጠው ብርዱ በጣም በጠናበት ጊዜ ሳይሆን፣ ወደ መቅለጫው ሲቃረብና በገጹ ላይ ስስ ውሃ ሲፈጠር ነውና፣ እነዚህ ስንጥቆች ያንን ውሃ እየጠረጉ ጎማውን ከበረዶው ጋራ ያገናኙታል። የዴንቨር በረዶ ቀን እየቀለጠ ሌሊት የሚረጋ በመሆኑ፣ ለኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገን ይህ ጠባይ ነው።

ገዢው በሱቅ ሲቆም ዐይኑን የሚያሳስተው የምልክቶች ብዛት ነው። ኤም ፕላስ ኤስ የሚለው ጽሑፍ ስለ ጥርሱ ቅርጽ ብቻ የሚናገር፣ ያለ ፈተና የሚጻፍ ስለሆነ መተማመኛ አይሆንም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡም የበረዶ አበባ የተሣለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ምልክት በፈተና የሚገኝ ነው፤ ይሁን እንጂ በአሜሪካ የሚደረገው ፈተና ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ ፊት የመሳብ ኀይሉን እንጂ፣ በግግር ላይ የመቆም ችሎታውን አይመዝንም። ስለዚህም ጥርሳቸው የገዘፈ፣ ለጭቃና ለኮረኮንች የተሠሩ፣ የአሮጌ ፎር ዊል ባለቤቶችም ስለ መልካቸው እጅግ የሚወዷቸው ኦል ቴሬን ጎማዎች ይህን ምልክት ተሸክመው ይገኛሉ። በተራራ ውስጥ ጥርጊያ መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው እነዚህ ይስማሙት ይሆናል። ኑሮው በከተማ፣ ጉዞውም በሌሊት ለሆነው ወገናችን ግን፣ ለበረዶ ወራት ብቻ የተሠራውን ጎማ እንዲመርጥ ያለማመንታት እመክራለሁ።

አሮጌው መኪና የራሱ የሆነ ግዴታም አለበት። በ1990ዎቹ እንደ ተሠሩት እንደ ኒሳን ፓዝፋይንደርና እንደ ብዙዎቹ ቶዮታ ፎር ራነር፣ የፊቱን መጎተት ሾፌሩ ራሱ የሚያስገባው ዐይነት ከሆነ፣ ፎር ዊሉ በገባ ጊዜ የፊቱና የኋላው ዘንግ ተቈላልፈው እኩል ይዞራሉ፤ ስለዚህ ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቶ ከሁለት ያለቀ ጎማ ጋራ ማጣመር፣ ዙሪያቸው ስለሚበላለጥ ኀይል አከፋፋዩን ማርሽ ያስጨንቃል፤ በበረዶም ላይ አንደኛው ወገን ሲይዝ ሌላው እንዲከዳ ያደርጋል። ስፋቱም ቢሆን ጠበብ ያለው ይሻላል፤ ሰፊው ጎማ በለጋ በረዶ ላይ ሲንሳፈፍ ጠባቡ ሰንጥቆ ወደ መሬቱ ይደርሳልና። ለምሳሌ 265/70 በ16 ለሚያደርግ መኪና 245/75 በ16 ቁመቱ በ3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚለይ ስለሆነ፣ የመሸከም አኃዙ በበሩ ጠርዝ ከተጻፈው እስካላነሰና ከቸርኬው ስፋት ጋራ እስከተስማማ ድረስ መልካም ምርጫ ነው። ያገለገለ ጎማ የሚገዛም ሰው፣ ዶት ከሚሉት ፊደላት በኋላ ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ይመልከት፤ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ያስታውቃሉ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው ከገፋ ልስላሴውን ያጣል።

ስለ ወጪው የሚነሣውን ቅሬታ አቃልዬ አላየውም፤ ጥቂት ሺህ ዶላር ለሚያወጣ መኪና አራት ጎማ መግዛት ያሳስባል። ነገር ግን የበረዶው ጎማ በሚሠራባቸው ወራት የበጋው ያርፋል፤ አንዱ የሌላውን ዕድሜ ያራዝማል፤ ያገለገለ ተጨማሪ ቸርኬ የገዛ ሰውም በየወቅቱ ጎማ የማስፈቻና የማስገጠሚያ ዋጋ ይቀርለታል።

በየአጥቢያው ያላችሁ የመኪና ባለሙያዎች፣ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ውስጥ የቆሙትን የምእመናን መኪናዎች ጎማ ብትመለከቱላቸው ታላቅ ምግባር ነው። የዴንቨር የመጀመሪያ በረዶ አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበር አጋማሽ ገደማ ይወርዳል፤ የአሮጌ መኪና የጎማ ልክም በየሱቁ ተከማችቶ አይገኝም፤ ስለዚህ አሮጌ ፎር ዊል ያለው ሁሉ የመስቀል በዓል እንደ ዋለ፣ አራቱንም ጎማ በአንድነት ይዘዝ።