ሎሚ በደጋ ቤት

አንዲት የደብረ ታቦር አንባቢያችን ጥያቄ ልካልኛለች። ከጣራ ገዳም ደን በታች፣ አዲስ ዘመን ከሚገኘው የእናቷ ጓሮ በባልዲ ያመጣችው የሎሚ ችግኝ ቅጠሉ እየረገፈ ነው። እናቷ አርፈዋል፤ ጓሮውም ሊሸጥ ነው። «ደረቀ ብዬ ልጣለው?» ትላለች።

እህቴ፣ ቶሎ አትጣይው። የግንዱን ልጥ በጥፍርሽ በትንሹ ፋቅ አድርጊ፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ።

አዲስ ዘመን ወይና ደጋ ነው። ደብረ ታቦር ግን 2700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው። ሎሚ ቅዝቃዜው ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱን ያቆማል፤ ውርጭ ሲነካውም ቅጠሉ ይቃጠላል። የባልዲ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ቀን ፀሐይ ላይ ታወጪዋለሽ፣ ማታ ታስገቢዋለሽ። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ውጭ አይደር። ውስጥ ሲሆን ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ጭስ ከሚበዛበት ማድቤት ይራቅ።

ቤት ውስጥ ሎሚን ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው። ባልዲው ከሥሩ ይበሳ። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ፤ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ሲደርቅ ብቻ አጠጪ፤ ከሥር የተጠራቀመውንም ውሃ ድፊ። አፈሩ ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቢሆን ይስማማዋል።

አመድ ግን ይቅር። ጎመን ሥር የምንበትነው አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ ሎሚው ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መሳብ ያቅተዋል። ያኔ ለጋ ቅጠሎቹ ሥራቸው አረንጓዴ እንደሆነ ቢጫ ይሆናሉ። ቅጠሉ ተጣብቆ ጉንዳን ከወጣበት ደግሞ ከጀርባው የተለጠፉ ቅርፊት መሳይ ተባዮችን ፈልጊና በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጊያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓሮው ሳይሸጥ ከዛፉ ጥቂት የበሰሉ ፍሬዎች ልቀሚ። ዘሩን አጥበሽ ሳይደርቅ ዝሪው። የሎሚ ዘር ብዙ ጊዜ ከአንዱ ፍሬ ሁለትና ሦስት ቡቃያ ያወጣል፤ አብዛኞቹም የእናት ዛፉ ግልባጭ ናቸው። ከዘር የበቀለ ሎሚ ፍሬ እስኪሰጥ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ቢሆንም ባልዲው ውስጥ ያለው ባይተርፍ እንኳን የእናትሽ ሎሚ ዘሩ አይጠፋም።