ዘበኛውን አናዘናጋው

እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ተመልከቱ። ስፋቱ በዓይናችሁ ዘንድ የሚይዘው ማዕዘን 2 ዲግሪ ያህል ነው። ከጣታችሁ ላይ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ፣ ጓደኛችሁ ቀለሙን የማታውቁትን እስክሪብቶ ከጆሮአችሁ በኩል እያወዛወዘ ቀስ በቀስ ወደፊት ያምጣው። መጀመሪያ የምትገነዘቡት አንድ ነገር መንቀሳቀሱን ነው፤ ቀለሙ ዘግይቶ ይለያል፤ በላዩ የተጻፈውን ለማንበብ ግን እስክሪብቶው ጣታችሁ አጠገብ መድረስ ይኖርበታል።

ምክንያቱ የዓይን አፈጣጠር ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን በአንድነት ወደጎን 200 ዲግሪ ያህል የሚሸፍኑ ሲሆን፣ አጥርተው የሚያዩት ግን በመካከሉ ያለውን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ስፍራ ቀለምንና ጥቃቅን ቅርጽን የሚለዩት ኮን የተባሉት ሕዋሳት ታጭቀው ይገኛሉ። ከእርሷ ውጭ ኮኖቹ እየሳሱ፣ ለደብዛዛ ብርሃን ንቁ የሆኑት ሮዶች እየበዙ ይሄዳሉ። ደብዛዛ ኮከብ ትክ ብለው ሲያዩት ጠፍቶ፣ ጥቂት ዘወር ብለው ሲመለከቱት ብቅ የሚለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የዓይን ዳር ዘበኛ ነው፤ አንድ ነገር ሲመጣ መሀሉን ይቀሰቅሳል።

ይህን ያነሣሁት በእውኑ ዓለም ላይ ምስል የሚደርቡት፣ ኦግመንትድ ሪያሊቲ የተባለው ቴክኖሎጂ መነጽሮች፣ ምስላቸውን እስከ ዓይን ዳር ለማድረስ እየተሽቀዳደሙ በመሆናቸው ነው። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው ፈር ቀዳጅ መሣሪያ 40 ዲግሪ ያህል ያሳይ ነበር። በ2016 የወጣው የማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ ደግሞ ወደጎን ከ30 ዲግሪ ብዙም አይዘልም ነበር። ችግሩ የፊዚክስ ነው፤ በእነዚህ መነጽሮች ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው ከመስተዋቱ ግድግዳዎች ሙሉ በሙሉ እየተንጸባረቀ ሲሆን፣ ይህ የሚሆንባቸውን ማዕዘኖች የሚወስነው ቁሱ ብርሃንን የመስበር ኃይሉ ነው። ሜታ በ2024 ያሳየው ኦሪዮን የተባለው የሙከራ መነጽር ወደ 70 ዲግሪ የተጠጋው ከመስተዋት ይልቅ ሲሊከን ካርባይድን በመጠቀም ነው። ይሁን እንጂ ለማምረት እጅግ ውድ በመሆኑ ለገበያ አልቀረበም።

በእኔ እምነት ሽቅድምድሙ ግማሽ መንገድ ላይ ግቡን ስቷል። ሰፊ ምስል ጥቅም እንዳለው አልክድም፤ ዓይንም ራስም ይዞራሉና። ነገር ግን ለማያነብ ዘበኛ ጥርት ያለ ጽሑፍ ማቅረብ ድካም ነው። በ2016 ሮበርት ሺያኦና ሕርቮየ ቤንኮ የተባሉ ተመራማሪዎች በማሳያው ዙሪያ ጥቂት የኤል ኢ ዲ መብራቶችን ብቻ አራርቀው ደረደሩ። እነዚህ ጭፍግ ያሉ ብርሃኖች ተጠቃሚው አካባቢውን ይበልጥ እንዲገነዘብ ከመርዳታቸውም በላይ፣ ማቅለሽለሽ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ሕመሙን ቀነሱላቸው። ለዓይን ዳር የሚገባውን የሰጡት እነርሱ ናቸው።

ከወጪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዓይን ዳር የሚበራ ነገር ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ትኩረታችንን ይነጥቃል። ስልክን ኪስ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ግን መንገድ ሲያቋርጥ በጎኑ ብልጭ ያለው ማስታወቂያ ይሁን መኪና፣ ሳይዞር አያውቅም። ዘበኛውን በሐሰት ደጋግሞ የሚጠራው ሰው፣ እውነተኛው አደጋ በደረሰ ጊዜ ቸል እንዲል እያስተማረው ነው። ስለዚህ የመነጽሩ ዳር ለአደጋ፣ ለአቅጣጫና ለሚዛን ምልክት ብቻ ተከልሎ፣ ለንግድ መልእክት ዝግ መሆን ይኖርበታል። ይህም ደንብ መሣሪያው በየሰዉ ፊት ላይ ከመዋሉ በፊት ሊወጣ ይገባል።

ተማሪዎች ሆይ፣ የትኛው ቀለም፣ የትኛው ፍጥነት፣ በስንት ዲግሪ ላይ ሳያዘናጋ እንደሚያስጠነቅቅ ለመመርመር ውድ መነጽር አያስፈልግም። ጥቂት ኤል ኢ ዲ፣ ፕሮትራክተርና ታጋሽ ጓደኛ ይበቃሉ። ዘበኛው ምን ሊታይለት እንደሚገባ ሻጮች ሳይወስኑ፣ እናንተ ለክታችሁ ብትናገሩ እመርጣለሁ።