ከ«ጠገብሁ» በፊት «በቃኝ»

«ሆድ ካገር ይሰፋል» የሚለው ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። ተረቱ የሚናገረው ምስጢርንና ኀዘንን ችሎ ስለሚይዘው ሆድ እንጂ እንጀራ ስለሚገባበት ሆድ አይደለም። ነገር ግን በገበታ ዙሪያ የምናደርገውን የተመለከተ እንግዳ ሰው፤ ተረቱን ቃል በቃል የተረዳነው ሊመስለው ይችላል። የመጣልንን ሰው ሁሉ «ብላ፤ ጨምር» እያልን እናስጨንቀዋለንና።

ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንነጋገረው ጨጓራቸው በሐኪም እጅ ስለ ጠበበ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እንዴት ይበላሉ? ከቤተ ሰብና ከጎረቤት ጋር እንዴት ይኖራሉ? በአንድ ገበታ አብረናቸው የምንቀመጥ ሰዎችስ ምን ማድረግ ይገባናል?

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሳችን ቤት የሆነ ነገር ነው። በቤልጅግ አገር የምትኖረው ታላቅ እኅቴ በውፍረትና በስኳር በሽታ ብዙ ዓመት ተቸግራ ከኖረች በኋላ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ገደማ በጨጓራዋ ላይ ቀለበት አስገጠመች። በተከታዩ ዓመት ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ መጣች። ቀሚሷ ሰፍቷት፤ ፊቷም ቀጥኖ ባየናት ጊዜ አንዳንዶቻችን ተደሰትን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ታማለች ብለን ሠጋን። እርሷ ግን ስለ ቀለበቱ ለማንም አልተናገረችም።

ከ55 ቀን ጾም በኋላ የሚቀርበውን የፋሲካ ገበታ የማያውቅ የለም። ዶሮ ወጡ ከነእንቁላሉ በመሶቡ መካከል ቀረበ። አክስታችን እንደ ልማዳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው፤ እንጀራውን ከሥጋው ጋር ጠቅልለው፤ አፍ የሚሞላ ጉርሻ ለእኅቴ ዘረጉላት።

«እቴቴ፤ ይቅርብኝ፤ በቃኝ» አለች።

«ምን በላሽና ነው የበቃሽ? በሞቴ! ከስተሽ መምጣትሽ አንሶ አሁን ደግሞ እጄን ልትመልሺ ነው?»

እኅቴ የታላቅ ሰው እጅ መመለስ ነውር ሆኖባት ጎረሰች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተባለችና ሁለተኛውንም ጎረሰች። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እጇን በደረቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ምራቅ አፏን ሞላው፤ ላብም በግንባሯ ወጣ። ከገበታው ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች፤ የጎረሰችውም ሁሉ እንዳለ ተመልሶ ወጣ። አክስታችን በመጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያም «ያገሯን ምግብ ተጸየፈች» ብለው ተቀየሙ። በዚያ ቀን በቤታችን ከበዓሉ ደስታ ይልቅ ዝምታው በለጠ።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነበር። ቀለበቱ ከሲሊኮን የተሠራ ነው። ጨጓራን ከላይ በኩል፤ ምግብ ከጉሮሮ ከሚወርድበት ቧንቧ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይከበዋል። ከቀለበቱ በላይ ትንሽ ከረጢት ትቀራለች። የምትይዘውም ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር፤ ማለት አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ከቀለበቱ በታች ያለው የጨጓራ ክፍል አይቈረጥም፤ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ከቀለበቱ የሚነሣ ቀጭን ቱቦ በሆድ ቆዳ ሥር ከተቀበረች ትንሽ ማስገቢያ ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ በዚህች ማስገቢያ በመርፌ የጨው ውሃ ሲጨምር ቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሲቀንስ ይላላል። በዚህ ጠባብ በር ሳይታኘክ የወረደ ትልቅ ጉርሻ ማለፍ እንደማይችል ማንም ያስተውለዋል።

ይህ ሕክምና ከአገራችን ልጅ ስም ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የሚጠብቅና የሚላላ ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ሆድን ከፍተው መግጠም የጀመሩት ሉቦሚር ኩዝማክ የተባሉ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በካሜራ እየተመለከቱ ለማስገባት ታስቦ የተሠራውን ቀለበት በመጀመሪያ የገጠሙት ግን ትውልዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነው ዶክተር ምትኩ በላቸው ናቸው። ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 በቤልጅግ አገር፤ ዊ በተባለች ከተማ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ከቀለበቱ ይልቅ የጨጓራን ከፊል ቈርጦ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና በዝቶ ይሠራል። ቀለበቱ ክብደትን የሚቀንሰው ቀስ እያለ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ከቦታው የሚንሸራተትበት፤ ወይም ወደ ጨጓራ ሰርጎ የሚገባበትና እንዲወጣ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሆኖም ቀለበቱን ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ዛሬም ብዙ ናቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምግብ የሚጀመረው እንደ ሕፃን ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚወሰደው ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ይኸውም ውሃ፣ ወተት፣ ቀጭን አጥሚት፣ የተጠለለ የዶሮ መረቅ ነው። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት የላመ ምግብ ይመጣል። ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ተከክቶና በስሎ የላመ ምስር፣ እርጎ፣ የተፈጨ ድንች ለዚህ ይመቻሉ። ከዚያም እንደ ዓሣ፣ እንደ እንቁላልና እንደ ዓይብ ያለው ለስላሳ ምግብ ይከተላል። ጠጣር ምግብ የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ነው። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ያስፈለገው ቀለበቱ በቦታው እስኪጸና ድረስ ማስመለስ ሊያንሸራትተው ስለሚችል ነው። የቀኑን ልክ የሚወስነው ግን እያንዳንዱን ሰው የሚከታተለው ሐኪም ነው።

ጠጣር ምግብ ከተጀመረ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚጠበቁ ልማዶች አሉ።

አንደኛ፤ ጉርሻው ከትንሿ ጣት ጥፍር እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፤ በአፍ ውስጥ እንደ ገንፎ እስኪላም ድረስ መታኘክ አለበት። ሦስተኛ፤ አንዱ ሳይወርድ ሌላው መጉረስ አይገባም፤ በየመካከሉ እጅን ከገበታው ማንሣት ይጠቅማል። አራተኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሰውነት የሚጠግነውን ምግብ፤ ማለት ዓሣውን፣ እንቁላሉን፣ ምስሩን ወይም ሽሮውን መብላት ነው፤ እንጀራው ኋላ ይደርሳል። አምስተኛ፤ ከምግብ ጋር መጠጣት አይገባም፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል።

ለስላሳ የስንዴ ዳቦ በትንሿ ከረጢት ውስጥ እንደ ሊጥ ተላቍጦ በሩን ይዘጋል፤ ስለዚህ ከለስላሳው ይልቅ ተጠብሶ የደረቀው ይሻላል። ተጠቅልሎ የተጎረሰ እንጀራም እንደዚሁ ነው። ክር ያለው ሥጋ፤ ይልቁንም ጥብስና ጥሬ ሥጋ፤ ብዙ ሰው ያስቸግራል። ደቅቆ የተከተፈና በደንብ የበሰለ ሥጋ ግን የተሻለ ያልፋል።

ስለ መጠጥ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀለበቱ ጠጣሩን ያዘገያል እንጂ ፈሳሹን አያግድም። ጠጅ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ጭማቂ ያለ ምንም ከልካይ ይወርዳሉ፤ ሰውዬውም «የምበላው የወፍ ያህል ነው፤ ክብደቴ ግን አልቀነሰም» ብሎ ይደነቃል። ጋዝ ያለበት መጠጥ ደግሞ ደረትን ያስጨንቃል። ውሃን ግን በምግብ መካከል ባለው ሰዓት በጥቂት በጥቂቱ እየተጎነጩ በቀን እስከ አንድ ሊትር ተኩል ማድረስ መልካም ነው። የሚጾም ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ውሎ ማታ በአንድ ጊዜ መብላት ስለሚጎዳው፤ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ጋር ይመካከር።

በዚህ ላይ ስለ ሁለት ቃላት ጥቂት ልናገር። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎችም ልዩነታቸውን ብትይዙ ይጠቅማችኋል። «ጠገብሁ» ማለት ሆዴ ሞላ ማለት ነው፤ ከዚሁ ቃል የወጣው «ጥጋብ» ደግሞ መታበይንና ልክ ማለፍን ያመለክታል። «በቃኝ» ማለት ግን ያገኘሁት ለእኔ ልክ ነው ማለት ነው። ሆዱ ገና ያልሞላ ሰውም «በቃኝ» ሊል ይችላል። ቀለበት ያለው ሰው የሚማረው ዋናው ትምህርት ይህ ነው። «ጠገብሁ» እስኪል ከቆየ አልፎበታል። ከደረት አጥንቱ ሥር ጥቂት ሲከብደው፤ ስቅታ ሲመጣበት ወይም አፍንጫው እርጥበት ሲያወጣ ሰውነቱ «በቃኝ» ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጉርሻ ቢጨምር ጣር ይሆንበታል።

ቀለበቱ የማይደርስበት ሌላ ነገርም አለ። እኅቴ እንደ ነገረችን፤ በባዕድ አገር ሥራ ውላ ማታ ብቻዋን ወደ ቤቷ ስትገባ የምትበላው ርቧት ሳይሆን ሆድ ብሷት ነበር። ቀለበቱ ጨጓራን ያጠባል እንጂ ሆድ የባሰውን ሰው አያጽናናም። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ጠጣሩ ምግብ ሲያስቸግረው ወደ ቸኮላታና ወደ አይስክሬም ዞሮ ቀለበቱን ያታልላል። ስለዚህ ከምግቡ ልማድ ጋር ሌላ መጽናኛ ማበጀት ያስፈልጋል። እኅቴ በየማታው አንድ ሰዓት በእግሯ መሄድና ለእናታችን ስልክ መደወል ጀመረች። ክብደቷ ለብዙ ጊዜ በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀንስ የነበረው ከዚህ ጋር ተባብሮ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ።

አደጋን የሚያመለክቱ ምልክቶችም መታወቅ አለባቸው። ሌሊት ሌሊት የሚያስል ወይም ቃር ወደ አፉ የሚመጣበት ሰው ቀለበቱ ከልክ በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ይመልከተው። በየቀኑ ማስመለስ ልማድ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ማስመለሱ ሲረዝም ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ጎድሎ ነርቭንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ውሃ ወይም የገዛ ምራቁ እንኳ አልወርድ ያለው፤ ወይም ድንገት ብርቱ የሆድ ሕመም የያዘው ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ያረገዘች ሴትም ቀለበቱ መላላት ያስፈልገው እንደ ሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ። ከአገር ወደ አገር የሚሄድ ሰው የቀለበቱን ዓይነትና በውስጡ ያለውን የጨው ውሃ ልክ የሚናገር ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ቢይዝ፤ የማያውቀው ሐኪም ሊረዳው ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በፋሲካው ማግስት እኅቴ እናታችንንና አክስታችንን ለብቻቸው አስቀምጣ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው። በሆዷ ቆዳ ሥር ያለችውን ማስገቢያ በጣታቸው አስነካቻቸው። አክስታችን ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፤ «ታዲያ ስታመሚ ለምን ዝም አልሽኝ? በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበርኮ» አሉና አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ የእኅቴ ምግብ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ይቀርብላት ጀመር። ወደ ቤልጅግ በምትመለስበት ዋዜማ ሁላችንም በመሶቡ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፤ አክስታችን እንደ ገና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እንጀራውን በጥፍራቸው ጫፍ ቈረሱ፤ የደቀቀ ዓይብ ጥቂት አኖሩበት። ዘወር አድርገው ተመለከቱትና፤ «ይህ የወፍ ጥሬ ነው እንጂ ጉርሻ ነውን?» ብለው ሣቁ። አጎረሷት። አኝካ እስክትውጥ ድረስም እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ።

«ልድገምሽ ወይስ በቃሽ?»

«በቃኝ፤ እቴቴ።»

«እንግዲያስ በቃሽ» አሉና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ውድ አንባቢዎች፤ ማጎረስ ያማረ ልማዳችን ነው፤ ይቅር የምንል አይደለንም። ነገር ግን የልማዱ ክብር በጉርሻው ትልቅነት ሳይሆን በሰጪው ልብ ነው። የታመመ ዘመዱን የሚወድ ሰው «በሞቴ» ከማለት በፊት «በቃሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተሰጠውንም መልስ ያክብር። ሕመም ያለበትም ሰው ሕመሙን ለቅርብ ዘመዶቹ ይንገር፤ ያልተነገረውን ማንም ሊያውቅለት አይችልምና።